አከርካሪና ዘመን፦ ከአሚየን እስከ ሰቆጣ



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ዓመት ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1984። በዚያ ዓመት በሰሜን ፈረንሳይ በአሚየን ከተማ፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ፒየር ጋሊቤርና የራጅ ሐኪሙ ኤርቬ ዴራሞን በአንዲት የ54 ዓመት ሴት የአንገት አጥንት ውስጥ በመርፌ ሲሚንቶ ጨመሩ። ያሠቃያት የነበረው የደም ሥር እጢ ነው። ሕመሟ ጋብ አለላት። ዘዴውም ብዙ ሳይቆይ የአጥንት መሳሳት ለሰበረው የአረጋውያን አከርካሪ ዋለ።

ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1976 አልቆ 1977 የገባበት ነው። ዋግን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም፤ ከዋግ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ቆረም የተሰደደበት ነው።

ሁለቱን ያገናኘሁት ለአጋጣሚው ውበት አይደለም። አጥንት ሀብቱን የሚያከማቸው በልጅነትና በወጣትነት ነው። ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ የሚቀረው ወጪ ብቻ ነው፤ የሴት የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ ወጪው ይፈጥናል። በ1977 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረች የዋግ ሴት ዛሬ በሃምሳዎቹ ውስጥ ናት። በራብ ዘመን የተሠራ አጥንት የሚፈተነው እንግዲህ ገና አሁን ነው፤ ያውም ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ።

መርፌው ታዲያ መልስ ነውን? አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሕመምተኛዋ በሆዷ ትተኛለች፤ ሐኪሙ በራጅ እየተመራ መርፌውን በቆዳዋ አሳልፎ እስከተደረመሰው አጥንት ያደርሳል፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲሚንቶ ይገባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ኋላም ሲሚንቶው ከመግባቱ በፊት የተደረመሰውን አጥንት በፊኛ ከፍ የሚያደርግ ስልት መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ሁለት ጥናቶች በአንድነት ታተሙ፤ አንዱ 78፣ ሌላው 131 ሕመምተኞች ነበሩት። ግማሽ ያህሉ የተደረገላቸው ማስመሰያ ነበር። ሕመምተኛው እንዳይለይ የሲሚንቶው ሽታ ሳይቀር በክፍሉ እንዲናኝ ተደርጓል። (ከሕክምና ታሪክ ገጾች እኔን እንደዚህ ሽታ ያስገረመኝ ጥቂት ነው።) የሁለቱም ወገኖች ሕመም እኩል ቀለለ። በ2016 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ስድስት ሳምንት ባልሞላው፣ እጅግ በሚያም ስብራት ላይ ጥቅም አገኘ። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከጥቁር አንበሳ እስከ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው መንገድ ሩቅ ነው። ቢቀርብም ከመርፌው የሚቀድም ጥያቄ አለ። በእኛ ዘንድ ጀርባን የሚያጎብጠው የአጥንት መሳሳት ብቻ አይደለም፤ ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የገለጸው የአከርካሪ ቲቢም አለ። በተመረዘ አጥንት ላይ ሲሚንቶ መጨመር ክልክል ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ማከም አይቻልም፤ «እርጅና ነው» ብሎ መሸኘትም ሁለቱንም መሳት ነው። እኔም ስለ አክስቴ ጉብጠት ለዓመታት እንዲሁ እል ነበር።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የታለመ ነው፤ ስለዚህም የሕፃናት ቁመት ይለካል። የተደረመሰ አከርካሪም የሚታወቀው በቁመት ማጠር ነው። የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ልጅ ሊያስለኩ የመጡ አያቶችም እዚያው ይለኩ፤ ቁመታቸውም በየዓመቱ ይመዝገብ።