ብረቱ ታደሰ፤ ታሪኩስ?

አንድ ከተማ ያጠፋን አውሮፕላን አጥቦና አድሶ ለጎብኚ ማቆም ተገቢ ነው? ተገቢ ከሆነስ አጠገቡ ምን ተብሎ ይጻፍ? አሜሪካውያን በዚህ ጥያቄ ክፉኛ ተከራክረውበታል።

አውሮፕላኑ «ኢኖላ ጌይ» ይባላል። ቢ-29 የተሰኘ ቦምብ ጣይ ነው። አብራሪው ፖል ቲቤትስ ስሙን ያወጣለት በእናቱ ስም ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ ጣለ። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ የሞተው ሕዝብ ወደ 140 ሺህ ይገመታል።

ከጦርነቱ በኋላ አውሮፕላኑ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተሰጠ። ነገር ግን የሚያስገባው ቤት አልነበረም። ለዓመታት ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቁበት፤ ወፎች ጎጆ ሠሩበት፤ ሰዎችም እየገቡ ዕቃውን ነቃቅለው ወሰዱ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ተፈታትቶ ሜሪላንድ ውስጥ መጋዘን ገባ።

እድሳቱ የተጀመረው በ1984 መጨረሻ ነው። ሥራው ቀለም ቀብቶ ማሳመር ብቻ አልነበረም። ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ክፍል ፈተው አጠቡ፤ ዝገቱን አስወገዱ፤ የጎደለውን ፈልገው ተኩ፤ የቀድሞውን ዕቃ በተቻለ መጠን ጠበቁ። ሥራው ወደ 300 ሺህ የሥራ ሰዓት ፈጅቷል።

ከብረቱ ይልቅ ያስቸገረው ግን ጽሑፉ ነበር። ሙዚየሙ ጦርነቱ ባበቃ በ50ኛ ዓመቱ አውሮፕላኑን ሲያሳይ፣ መሬት ላይ የደረሰውን ጭምር ለማሳየት አቀደ፤ ከሂሮሺማ የተረፉ የሟቾች ዕቃዎችና ፎቶዎችም ይቀርቡ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተቆጡ። «ጃፓንን ተበዳይ፣ እኛን በዳይ ታደርጉናላችሁ፤ ቦምቡ ጦርነቱን አሳጥሮ የብዙ ወታደር ነፍስ አትርፏል» አሉ። የአሜሪካ ሴኔትም ዕቅዱን ተቃወመ። በጃንዋሪ 1995 ዕቅዱ ተሰረዘ፤ በሜይ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ማርቲን ሃርዊት ሥራቸውን ለቀቁ። በምትኩ የአውሮፕላኑ የፊት ክፍል ከአጭር ማብራሪያ ጋር ብቻ ቀረበ።

በ2003 ሙሉ አካሉ ተገጣጥሞ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው የሙዚየሙ አዲስ ማዕከል ቆመ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር የሚሆነው ክንፉ ያብረቀርቃል። በመክፈቻው ቀን ግን ከቦምቡ የተረፉ ጃፓናውያን ድረስ መጥተው ተቃወሙ። ቅሬታቸው አውሮፕላኑ ለምን ታየ የሚል ብቻ አልነበረም፤ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ለምን አጠገቡ አልተጻፈም የሚል ነበር።

በእኔ እይታ ቅርስን ማደስ ሁለት አማና አለበት። አንደኛው ዕቃውን እንደነበረ መጠበቅ ነው፤ ይህን ባለሙያዎቹ በሚያስደንቅ ትዕግሥት ተወጥተውታል። ሁለተኛው የሆነውን ሁሉ መናገር ነው። የወታደሮቹም ክርክር ይጻፍ፣ የሟቾቹም ቁጥር ይጻፍ፤ ፍርዱ ለጎብኚው ይተው። አንዱን ወገን ያስቀረ ማሳያ ብረቱን ጠብቆ ምስክርነቱን ያጎድላል።

ስለዚህ ወጣቶች፣ የትም ሙዚየም ስትገቡ የሚያብረቀርቀውን አይታችሁ ብቻ አትለፉ። ጽሑፉን አንብቡ፤ ከዚያም «ማን ሳይጠቀስ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ።