የሐዘን ኩባያ
(በሬዲዮ ለአዲስ አንባቢዎች ከተሰጠ ንግግር)

 

ፊደል ከቆጠራችሁ ወዲህ ዓይናችሁ በየሄደበት ጽሑፍ ያያል። በሱቅ በር፣ በክብሪት ሣጥን፣ በስኳር ከረጢት ላይ ፊደልና ቁጥር አለ። የዛሬው ንግግራችን በመጠጫ ዕቃ ላይ ስለሚጻፍ ጽሑፍ ነው። «በኩባያ ላይ ደግሞ ምን ታሪክ ይገኛል?» ትሉ ይሆናል። ይገኛል። እስቲ አብረን እንየው።

በእኛ አገር ጠላ በዋንጫ፣ ጠጅ በብርሌ ይጠጣል። ዋንጫው በቀድሞ ጊዜ ከቀንድ ይሠራ ነበር። በአውሮፓ አገሮች ደግሞ ሰዎች ቢራ የሚጠጡት እጀታ ባለው ትልቅ ኩባያ ነበር። ኩባያው ከእንጨት፣ ከሸክላ ወይም ከብር ይሠራል። አንዳንዱ ክዳን አለው።

ንጉሥ ሲነግሥ ወይም ጦርነት በድል ሲያልቅ የነገሩ ስምና ዓመተ ምሕረት በኩባያ ላይ ይጻፋል። ይህ «የመታሰቢያ ኩባያ» ይባላል። ዛሬ እንዲህ ያለውን አሮጌ ኩባያ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። አንዱ ለውበቱ ይሰበስባል። ሌላው አትርፎ ለመሸጥ ይሰበስባል። ጥሩ ሰብሳቢ ግን ኩባያውን የሚፈልገው ለታሪኩ ነው።

አሁን አንድ ኩባያ በእጃችሁ እንደያዛችሁ አስቡ። ቁመቱ ከመዳፍ አይበልጥም። ብረት ነው። በብረቱ ላይ የብርጭቆ ዱቄትና ቀለም ተቀብቶ በእሳት ስለተተኮሰ ያንጸባርቃል። በአንድ ወገን ሁለት ራስ ያለው ንስር ተሥሏል። በሌላው ወገን ዘውድ አለ። ከዘውዱ በታች የሁለት ሰዎች ስም መጀመሪያ ፊደላት አሉ። ከዚያም 1896 የሚል ቁጥር ይነበባል።

ይህ ቁጥር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ 1888 ዓ.ም. ማለት ነው። 1888ን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አባቶቻችንና እናቶቻችን በዓድዋ ድል ያደረጉበት ቀን ነው። የኩባያው ታሪክ የተፈጸመው ከዚያ ልክ ሦስት ወር በኋላ ነው። ግንቦት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ቦታው ግን ሩቅ ነው። የሩሲያ ከተማ ሞስኮ ነው።

በዚያ ወር ዳግማዊ ኒኮላይ የሚባለው የሩሲያ ንጉሥ ዘውድ ጫነ። በኩባያው ላይ ያሉት ፊደላት የእሱና የሚስቱ የአሌክሳንድራ ስም መጀመሪያዎች ናቸው። ዘውድ በጫነ በአራተኛው ቀን ለሕዝቡ ግብዣ ተዘጋጀ። ግብዣው ኾዲንካ በሚባል ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ስጦታ ይሰጣል ተባለ። ስጦታው ምን ነበር መሰላችሁ? አንድ ዳቦ፣ ቁራጭ ቋሊማ፣ ጣፋጭ ብስኩት፣ ከረሜላና ለውዝ፣ ደግሞም ይህ ኩባያ ነበር። ሁሉም በመሐረብ ተቋጥሮ ይሰጣል። የተዘጋጀው ቋጠሮ 400,000 ያህል ነበር።

ለሀብታም ሰው ይህ ኢምንት ነገር ነው። ለድሃው ገበሬና ለፋብሪካ ሠራተኛው ግን እንዲህ ያለ የሚያብረቀርቅ ኩባያ ብርቅ ነበር። ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ንብረት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ከየመንደሩ እየጎረፈ መጣ። ስጦታው የሚታደለው ከጧቱ በ4 ሰዓት ነበር። ሰዉ ግን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሜዳው ላይ አደረ። ጎሕ ሲቀድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ተሰብስቧል ተባለ።

ሜዳው ወታደሮች የሚለማመዱበት ነበር። ቦይና ጉድጓድ ሞልቶበታል። ከቀድሞ ሥራ የቀሩ አሮጌ የውሃ ጉድጓዶችም ነበሩ። አዘጋጆቹ ጉድጓዱን ደህና አድርገው አልደፈኑትም። ስጦታ የሚታደልባቸው ዳሶች በረድፍ ተሠርተዋል። በዳሶቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የቆሙት ፖሊሶች 1,800 ያህል ብቻ ነበሩ።

ንጋት ላይ ወሬ ተነዛ። «ስጦታው ለሁሉም አይበቃም!» ተባለ። «አዳዮቹ ለወዳጆቻቸው እየሰጡ ነው!» ተባለ። «በኩባያው ውስጥ የወርቅ ገንዘብ አለ!» ያለም ነበር። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግርህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። ነገር ግን በጨለማ፣ በግፊያ መካከል ለቆመ ሰው መላ ከየት ይምጣ? ከኋላ ያለው ወደፊት ገፋ። ከፊት ያለው ወደ ቦዩና ወደ ጉድጓዱ ወደቀ። በወደቀው ላይ ሌላው ወደቀ። መመለስ አልተቻለም። መተንፈስም አልተቻለም።

በመንግሥት ቁጥር የሞቱት 1,389 ናቸው። የቆሰሉትም ከ1,000 በላይ ነበሩ። ቭላዲሚር ጊሊያሮቭስኪ የሚባል ጋዜጠኛ በዚያ ግፊያ ውስጥ ነበር። እሱ በሕይወት ወጥቶ ያየውን በጋዜጣ ጻፈ። በዚያን ቀን የሆነውን ብዙ ሰው ያወቀው በእሱ ጽሑፍ ነው።

ታዲያ ንጉሡ ምን አደረገ? በዓሉ አልተቋረጠም። ሬሳው ከሜዳው ተነሣና ከቀትር በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ሙዚቃ ተሰማ። ንጉሡም ለሕዝቡ ታየ። ማታ ደግሞ የፈረንሳይ አምባሳደር ወዳዘጋጀው የዳንስ ግብዣ ከሚስቱ ጋር ሄደ። በማግሥቱ ቁስለኞቹን በሆስፒታል ጎበኘ። ለሟቾች ቤተሰብ ገንዘብ ተሰጠ። የከተማው የፖሊስ አዛዥ ከሥራው ተባረረ። የሞስኮ ዋና ገዥ የነበረው የንጉሡ አጎት ግን በሥልጣኑ ቆየ። ሕዝቡ ይህን ሁሉ አየ፤ በልቡም ያዘ። ኒኮላይ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም.፣ ከዙፋኑ ወረደ። ለመውረዱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነትና ረሃብ ዋናዎቹ ናቸው። ቢሆንም ሰዎች የዚያን ንጉሥ ታሪክ ሲያወሩ ኾዲንካን ሳያነሡ አያልፉም።

አሁን ወደ ኩባያው እንመለስ። በላዩ ላይ የንጉሡ ምልክት አለ። የሟቾቹ ስም አለ? የለም። 1,389 የሚለው ቁጥር አለ? የለም። ኩባያው የተሠራው ከበዓሉ በፊት ነው። ያሠራውም ቤተ መንግሥቱ ነው። ስለዚህ የሚናገረው ስለ ዘውዱ ክብር ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን ሌላ ስም አወጣለት። «የሐዘን ኩባያ» አለው። ይህ ስም በብረቱ ላይ አልተጻፈም። ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ነው ከእኛ የደረሰው። ዛሬ ኩባያው በሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሲያየው «እንዴት ያምራል!» ይላል። የሚያውቀው ሰው ዝም ብሎ ይመለከተዋል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምርላችሁ። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ኦን ትሬንት በሚባል ቦታ ብዙ የሸክላ ፋብሪካዎች ነበሩ። ስምንተኛው ኤድዋርድ በጥር 1928 ዓ.ም. ንጉሥ ሲሆን፣ ግንቦት 4 ቀን 1929 ዓ.ም. ዘውድ ይጭናል ተባለ። ፋብሪካዎቹም ምስሉንና ቀኑን በኩባያ ላይ አትመው ለገበያ አወጡ። ንጉሡ ግን ባል ፈትታ የነበረች አሜሪካዊት ሊያገባ ፈለገ። መንግሥቱ አልተስማማም። እሱም ታኅሣሥ 2 ቀን 1929 ዓ.ም. ዙፋኑን ለቀቀ። በተቆረጠው ቀን ዘውድ የጫነው ወንድሙ ነው። ኩባያው ግን እስከ ዛሬ የኤድዋርድን ዘውድ መጫን ይናገራል። አያችሁ? ያልሆነ ነገርም ይጻፋል። የተጻፈ ሁሉ ሆኗል ማለት አይደለም።

እንዲሁም የሕዝብን መከራ የሚናገር ዕቃ አለ። በ1811 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በማንቸስተር ከተማ 60,000 ያህል ሰው ተሰበሰበ። የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ነበር። ፈረሰኛ ወታደሮች ሰይፍ መዘው ገቡባቸው። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ሸክላ ሠሪዎች የዚያን ቀን ሥዕል በውሃ ጆግ ላይ አትመው ሸጡ። ሰዎችም ገዝተው በቤታቸው አኖሩት። መንግሥት እንዲረሳ የፈለገው ነገር በገበታ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ አሮጌ ዕቃ ስታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ምን ተጽፎበታል? ሁለተኛ፣ ማን አሠራው? ሦስተኛ፣ ያልተጻፈው ምንድን ነው? የመጀመሪያውን በፊደል ታነቡታላችሁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን ሰው ጠይቃችሁ ታገኙታላችሁ።

ይህ ደግሞ ለቤታችሁም ይሠራል። የአያት ዋንጫ፣ የእናት ጀበና፣ የአባት ጋሻ ያላችሁ አላችሁ። በላዩ ላይ ጽሑፍ የለበትም። ታሪኩ ያለው በሽማግሌዎቹ ልብ ነው። እነሱ ሲያልፉ ታሪኩም አብሮ ያልፋል። ድሮ «መጻፍ አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። አሁን ግን እርሳስ መያዝ ችላችኋል። አንድ ወረቀት ውሰዱ። የማን እንደነበረ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ምን እንዳየ ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል። ቀኑን አትርሱ። ወረቀቱንም ከዕቃው ጋር አኑሩት።

የኾዲንካ ሟቾች ብዙዎቹ መጻፍ የማያውቁ ድሆች ነበሩ። ታሪካቸውን ሌላ ሰው ባይጽፍላቸው ኖሮ ዛሬ የምናየው የሚያምር ኩባያ ብቻ ይሆን ነበር። የእናንተን ታሪክ ግን እናንተው ጻፉት።

ደህና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የኾዲንካ ኩባያ ለምን «የሐዘን ኩባያ» ተባለ?
2. ሕዝቡ የሰማው ወሬ ምን ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
3. በቤታችሁ ካለ አሮጌ ዕቃ አንዱን ምረጡ። ታሪኩን ከሽማግሌ ጠይቃችሁ በሁለት መስመር ጻፉ።