የመደብሩ ምሥክር፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አመጣጥና የአመራረጡ ጉዳይ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ለችርቻሮ መደብር የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት የልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ዋጋና ፍጥነት በሠንጠረዥ አስቀምጦ ማወዳደር ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት ካሰብኩበት በኋላ ሠንጠረዡን ተውኩት። ምክንያቱም ዛሬ የሚወደሰው የመሣሪያ ዓይነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ የሚወጣ ሲሆን፣ መሣሪያው የተፈጠረበት ጉዳይ ግን ከመቶ አርባ ዓመታት በላይ ሳይለወጥ ኖሯል። ይህም የምሥክርነት ጉዳይ ነው። በሻጭና በገዢ፣ በባለቤትና በገንዘብ ተቀባይ፣ በነጋዴና በመንግሥት መካከል ገንዘብ ሲተላለፍ ያየው ማን ነው? ያየውንስ ለማን ይናገራል? ይህን ጥያቄ ያላስቀደመ መሐንዲስ ደኅና መሣሪያ ገዝቶ መጥፎ ምርጫ ሊመርጥ ይችላል። ይህንም የምለው ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው።

ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ዘመናት በአውሮፓውያን፣ የአገራችን ደግሞ ዓ.ም. በሚል ምልክት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

፩. ከመጠጥ ቤት የተነሣ ፈጠራ

ጄምስ ሪቲ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በዴይተን ከተማ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበር። ደንበኞቹ ብዙ ሲሆኑ ገቢው ግን ከሽያጩ ጋር አልመጣጠን ብሎት ይጨነቅ ነበር፤ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ወደ አስተናጋጆቹ ኪስ ይገባ ነበርና። በ1878 ወደ አውሮፓ በመርከብ ሲጓዝ ወደ ሞተሩ ክፍል ወርዶ ሳለ፣ መርከቡን የሚገፋው ፕሮፔለር ስንት ጊዜ እንደ ዞረ የሚቈጥር መሣሪያ ተመለከተ። የብረት ዙር የሚቈጠር ከሆነ በጠረጴዛ ላይ የሚያልፍ ገንዘብ የማይቈጠርበት ምክንያት የለም የሚል ሐሳብ በዚያ እንደ መጣለት ይነገራል። ወደ አገሩ ተመልሶም መካኒክ ከሆነው ወንድሙ ከጆን ጋር ሠርቶ በኅዳር ወር 1879 የፈጠራ መብት አገኘበት። መሣሪያው የማይደለለው ገንዘብ ተቀባይ በሚል ትርጉም በሚታወቅ ስም ለገበያ ቀረበ።

የመጀመሪያው መሣሪያ መልኩ ሰዓት ይመስል ነበር። አንደኛው ቀስት ዶላርን፣ ሁለተኛው ሳንቲምን ያመለክታል፤ የገንዘብ መሳቢያ እንኳ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ማሻሻያዎች ቍልፉ በተጫነ ቍጥር ዋጋው የተጻፈበት ሰሌዳ ከመሣሪያው አናት ላይ ብቅ የሚል፣ መሳቢያው ሲከፈት ደወል የሚደወል፣ ሽያጩም በጥቅል ወረቀት ላይ የሚመዘገብ ሆነ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ለመሐንዲስ ዓይን ቀላል ቢመስሉም ዓላማቸው የተለያየ ነው። ደወሉ በጓዳ ላለው ባለቤት ይናገራል። ወረቀቱ ማታ ሒሳብ ለሚመረምረው ይናገራል። ከፍ ብሎ የሚታየው ሰሌዳ ግን ለገዢው ይናገራል፤ የከፈለውንና የተመዘገበውን ማስተያየት ይችላልና። በዚህም ደንበኛው ደመወዝ ሳይከፈለው የተቀጠረ ተቈጣጣሪ ሆነ ማለት ይቻላል።

፪. ኩባንያውና ገንዘብ ተቀባዩ

ሪቲ ፈጣሪ እንጂ ነጋዴ አልነበረም። ሥራውን ለሌሎች ሸጠ፤ በ1884 ድርጅቱን የገዛው ጆን ፓተርሰን ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ብሎ ሰየመው። ፓተርሰን አስቀድሞ በሚከስር መደብሩ ውስጥ ከነዚህ መሣሪያዎች ጥቂቱን አስገብቶ ትርፍ ማየቱ ነበር ወደዚህ ንግድ የሳበው። ይሁን እንጂ መሣሪያው በየመደብሩ የገጠመው ተቀባይ በአብዛኛው ቍጡ ነበር። ገንዘብ ተቀባዮች ሌባ ተባልን ብለው ተቃወሙት። የኩባንያው ሻጮችም መሣሪያው ሌባን ከመያዙ ይልቅ ታማኙን ከጥርጣሬ የሚያድን መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። ይህ የሻጭ ቃል ቢሆንም እውነትነት ያለው ቃል ነው፤ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

ከኩባንያው መሐንዲሶች መካከል ቻርልስ ኬተሪንግን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ኬተሪንግ በ1906 በእጅ ዘዋሪ ፋንታ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ መመዝገቢያ አቀረበ። ችግሩ ለዚህ ኀይል የሚበቃ ሞተር በመሣሪያው ውስጥ የሚገባ አለመሆኑ ነበር። ኬተሪንግ ያስተዋለው ሞተሩ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሳይሆን መሳቢያው እስኪከፈት ለአንዲት አፍታ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ሞተር ከዐቅሙ በላይ ለአጭር ጊዜ ቢጫን ሳይቃጠል ሥራውን ይፈጽማል። ይኸው ሐሳብ በ1912 በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ የወጣውን የኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሻ አስገኝቷል። መሣሪያ ምን ያህል እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን መቼ መቼ እንደሚሠራ መመርመር እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የዚሁ ኩባንያ ሌላው ገጽ ግን የሚያስመሰግን አይደለም። በ1911 የአሜሪካን ገበያ 95 በመቶ ያህል ይዞ ነበር። ተወዳዳሪዎችን ለማጥፋት ባደረገው ድርጊት ፓተርሰንና ቶማስ ዋትሰንን ጨምሮ በርካታ ኀላፊዎቹ በ1913 ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በ1915 በይግባኝ ተሻረ። ዋትሰን ከኩባንያው ተሰናብቶ በ1914 የገባበት ድርጅት በኋላ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ነው። ይህ ድርጅት በመደብር ታሪክ ውስጥ እንደገና ይመጣል።

፫. ዕቃውን የሚያውቅ መሣሪያ

እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ መሣሪያው የሚያውቀው ገንዘቡን ነበር እንጂ የተሸጠውን ዕቃ አልነበረም። በ1948 በፊላደልፊያ ከተማ በድረክሰል የትምህርት ተቋም የነበሩት በርናርድ ሲልቨርና ኖርማን ዉድላንድ ይህን ለመለወጥ ተነሡ። ዉድላንድ በማያሚ የባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የሞርስን ነጥብና ሰረዝ እያሰበ በጣቶቹ አሸዋውን ሲስብ ቀጫጭንና ወፋፍራም መስመሮች እንደ ታዩት ተናግሯል። የፈጠራ መብታቸው በ1952 ጸደቀ። ሆኖም የሠሩት የሙከራ መሣሪያ 500 ዋት አምፑል የሚፈልግ፣ መጠኑም የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚያህል ነበር። ሌዘር በ1960 እስኪገኝና የኮምፒዩተር ዋጋ እስኪቀንስ ድረስ ፈጠራው መጠበቅ ግድ ሆነበት።

የአሜሪካ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴዎች በሚያዝያ 1973 አንድ ወጥ ምልክት መረጡ። የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ጆርጅ ሎረር የነደፈው፣ 12 አኃዞች የያዘው ባርኮድ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ከቀደሙት 11 በስሌት የሚገኝ በመሆኑ፣ ከአኃዞቹ አንዱ በስሕተት ቢነበብ መሣሪያው ምልክቱን አይቀበልም። ሰኔ 26 ቀን 1974 ማለዳ በኦሃዮ በትሮይ ከተማ በሚገኝ ማርሽ ሱፐርማርኬት አንድ ጥቅል ማስቲካ በሌዘር ተነብቦ በ67 ሳንቲም ተመዘገበ። ትሮይ ሪቲ መጠጥ ቤቱን ከከፈተበት ከዴይተን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው።

ከዚህ ቀን ወዲህ መሣሪያው ምን፣ መቼ፣ ስንት እንደ ተሸጠ መመስከር ቻለ። ባለመደብሩ ክምችቱን በየቀኑ ማወቅ ጀመረ። ገዢው ግን አንድ ነገር አጣ፤ ዋጋው በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ገባ በየዕቃው ላይ ዋጋ መለጠፍ ቀረ። ሸማቾችና የሠራተኛ ማኅበራት በመቃወማቸው በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ዋጋ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ የሚሺጋን ሕግ ከ1976 እስከ 2011 ጸንቶ ቈይቷል። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው ለአንዱ ወገን የበለጠ በመሰከረ ቍጥር ለሌላው ዝም ሊል የሚችል መሆኑን ነው።

፬. መንግሥት ሲመጣ

ቀጥሎ የመጣው አድማጭ መንግሥት ነው። ኢጣሊያ በ1983፣ ግሪክ በ1988 ባወጧቸው ሕጎች ነጋዴዎች በእሽግ የተዘጋና ሊፋቅ የማይችል ማስታወሻ ባለው መሣሪያ እንዲጠቀሙ አስገደዱ። በአገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቍጥር 285/1994 ተደንግጎ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቍጥር 1341/2016 ተተክቷል። በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ የመጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 139/1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ፊስካል ሜሞሪ የሚባለው ማስታወሻ፣ የቀኑን ጠቅላላ ሽያጭ የሚዘጋው ዜድ ሪፖርትና ከደንበኛ እጅ የምትገባው ደረሰኝ የከተማ ነዋሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ነገሮች ሆነዋል።

ሪቲ መሣሪያውን የሠራው ባለቤቱ አስተናጋጁን እንዲጠብቅበት ነበር። በደንቡ መሠረት የሚገባው መሣሪያ ግን ባለቤቱን ራሱን ይጠብቃል። ገዢው መሣሪያውን በራሱ ገንዘብ የሚገዛው ስለ ራሱ ለሌላ እንዲመሰክር ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ነጋዴ ሕጉ ከፈቀደው ሁሉ ርካሹን ፈልጎ ይገዛል፤ ሌላ ጥቅም ይሰጠኛል ብሎ አያስብምና። እኔም የተሳሳትኩት በዚሁ ነው።

፭. የራሴ ስሕተት

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ብዙም ሳልቈይ፣ በ2004 ዓ.ም. መካከለኛ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ያላቸው የእናቴ ወንድም «አንተ ተምረሃልና አንተው ምረጥልኝ» አሉኝ። በቀረቡልን ሁለት የተፈቀዱ መሣሪያዎች መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት የሽያጩን ዝርዝር በሚያስቀምጡበት መንገድ ነበር። ውድ የሆነው እያንዳንዱን ሽያጭ በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ይይዛል። ርካሹ ግን ለደንበኛው ደረሰኝ ሲያትም፣ የመደብሩን ቅጂ በሁለተኛ ጥቅል ወረቀት ላይ ያትማል። በፊስካል ሜሞሪ የሚገባው የየቀኑ ጠቅላላ በመሆኑና ይህም ለግብር በቂ ሆኖ ስለ ታየኝ ርካሹን መረጥኩ። አጎቴም ገንዘብ አዳንክልኝ ብለው መረቁኝ።

ይህ ዓይነት ማተሚያ ቀለም የለውም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቍር ኬሚካል የተቀባ ነው። ስለዚህ ፀሐይ፣ ዘይትና የፕላስቲክ ከረጢት ጽሕፈቱን ያደበዝዙታል፤ ብዙ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ወረቀቱ በሙሉ ይጠቍራል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ጥቅሎቹ በከረጢት ታስረው ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ከዘይት ጀሪካኖች አጠገብ እንደሚቀመጡ ግን አልጠየቅሁም።

ከስምንት ወር በኋላ ዕቃ ሲቈጠር ብዙ የዱቄት ወተት ጎደለ። ጥርጣሬው በገንዘብ ተቀባይዋ ላይ ወደቀ። አራት ዓመት ያገለገለች ወጣት ነበረች። ውድ ዕቃ እያስወጣች የርካሹን ቍልፍ ትመታለች ተባለ። እርሷም አልተከራከረችም፤ «ጥቅሎቹ ወጥተው ይታዩ» ብቻ አለች። ወጥተው ታዩ። ገሚሱ ነጭ ወረቀት፣ ገሚሱ ጥቍር ወረቀት ሆኖ ተገኘ። የየቀኑ ጠቅላላ በእሽጉ ውስጥ አንዲት ሳንቲም ሳይጎድል ነበረ፤ ጠቅላላው ግን ወተቱን ከብስኩቱ አይለይም። ለመንግሥት የሚገባው ምሥክርነት ሙሉ ሆኖ ሳለ ለእርሷ የሚሆን አንድ መስመር አልተገኘም።

አጎቴ አላባረሯትም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ፊት ለፊት መተያየት አቃታቸው፤ በወሩ መጨረሻ ቍልፉን አስረክባ ሄደች። ጥፋተኛ ትሁን ንጹሕ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። አጎቴ እኔን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ እኔ ግን የዚያች ልጅ ምሥክር በእኔ ምርጫ ድዳ መሆኑን አውቃለሁ።

፮. ስለ አመራረጥ

እንግዲህ ምክር የሚጠየቅ የሙያ ባልደረባ የሚከተሉትን ቢያስቀድም መልካም ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ ምሥክርነቱን የሚፈልጉት እነማን እንደ ሆኑ ይቍጠር፤ ባለቤት፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ገዢና ግብር ሰብሳቢ። ለገዢው የዞረ ሰሌዳ የሌለው ወይም ሰሌዳው በዕቃ የተጋረደ መሣሪያ ከአራቱ አንዱን ጥሏል። በአንድ መሣሪያ ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች የሚፈራረቁ ከሆነ ለየራሳቸው የምሥጢር ቍጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ ያለዚያ የአንዱ ስሕተት የሁለቱም ሐሜት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ምሥክርነቱ ስንት ጊዜ እንደሚኖር ይጠየቅ። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ለዕለት ደረሰኝ ይበቃል፤ ለመዝገብ ግን አይታመንም። ዝርዝሩ በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ቢያዝና ቅጂው በሌላ ስፍራ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚሆነው ይመርመር። በብዙ መደብሮች የገንዘብ መሳቢያው የሚከፈተው ከማተሚያው በሚላክ የኤሌክትሪክ ምት ነው፤ ማተሚያው ከቆመ መሳቢያውም በቍልፍ ካልሆነ አይከፈትም። ባትሪው የጀመረውን ሽያጭ አስጨርሶ መዝጋት መቻሉ ከመግዛት በፊት ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር ነው እንጂ በወረቀት የተጻፈውን ማመን አይበቃም።

አራተኛ፣ ጥገናና መለዋወጫ ይታሰብ። ገበያውን አንድ ድርጅት ብቻ የያዘው እንደ ሆነ የሚደርሰውን የፓተርሰን ዘመን አሳይቷል። መሣሪያው እሽግ በመሆኑ ባለቤቱ ከፍቶ ሊጠግነው አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ የተፈቀደለት ባለሙያ በቅርብ መኖሩ ከመሣሪያው ፍጥነት ይበልጣል።

ዋጋ ከነዚህ በኋላ ይምጣ። ዛሬ ባለመደብሮች ስለ መሣሪያ ሲያማክሩኝ አስቀድሜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከአንድ ዓመት በኋላ ጥርጣሬ ቢነሣ፣ ገንዘብ ተቀባይዎ ራሷን ለመከላከል ምን ማሳየት ትችላለች?» መልስ ካጡ ወደ ዋጋው አንሄድም።