በአይስላንድ የባሕር ዳርቻ የጋል ዝርያዎች መዳቀልና የክንፍ ቀለም ማስረጃነት

ጋል ከሚባሉት የባሕር ወፎች መካከል ነጭ ራስ ያላቸው ትላልቆቹ 20 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ከአንድ የዘር ግንድ የተለያዩት በቅርብ ዘመን በመሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር መዳቀሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉዳዩ ከፍተኛ ክርክር ካስነሣባቸው ስፍራዎች አንዷ አይስላንድ ናት። የአርክቲክ ወፍ የሆነው ግሎከስ ጋል በደሴቲቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲራባ የኖረ ሲሆን፣ በአውሮፓ በሰፊው የሚገኘው ሄሪንግ ጋል ግን በዚያ መራባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው።

ሁለቱን ለመለየት በቅድሚያ የሚታየው የክንፍ ጫፍ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሄሪንግ ጋል የክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣቦች ሲኖሩበት፣ በግሎከስ ጋል ክንፍ ላይ ጥቁረት ከቶ አይገኝም። በአይስላንድ ግን የጫፉ ቀለም ግራጫ ብቻ የሆነ ወይም ጥቁረቱ ወደ ቀጭን መስመር የሳሳ ብዙ ወፎች ስለታዩ፣ አግናር ኢንጎልፍሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ዝርያዎቹ በስፋት እንደተዳቀሉ አመለከቱ። ልዩነቱ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ተፈጥሯዊ መለያየት ሊሆን ይችላል የሚል ተቃውሞ መነሣቱም አልቀረም፤ ተቃውሞው ተገቢ ነበር፤ የላባ ቀለም ብቻውን የወላጆችን ማንነት አያረጋግጥምና።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የዘረመል ጥናት በ40 ዓመታት ውስጥ ከተሰበሰቡ ክንፎች የተወሰዱ ላባዎችን መርምሮ፣ ከምሥራቅ ግሪንላንድ ናሙናዎች ጋር አነጻጸረ። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤና ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱት ማይክሮሳተላይት የተባሉ ተደጋጋሚ የዘረመል ክፍሎች ሁለቱን ዝርያዎች ለየብቻ ቢመድቧቸውም፣ የሚጋሩት የዘረመል ዓይነት ብዙ ሆኖ ተገኘ። ይህ መጋራት ከጥንት የጋራ ዘር የተረፈ ሊሆን ቢችልም፣ የዘረመሎቹ መልክዓ ምድራዊ ስርጭት በአይስላንድ የቅርብ ጊዜ መዳቀል መኖሩን አጥብቆ ይጠቁማል።

ለመስክ ተመልካች ከሁሉ የሚከብዱት ወጣቶቹ ናቸው። በመጀመሪያው የብርድ ወቅቱ ያለ ግሎከስ ጋል ምንቃሩ ሮዝ ሲሆን፣ ጥቁሩ ጫፍ በቢላዋ እንደተቆረጠ ያህል ጥርት ባለ መስመር ያበቃል፤ ጥቁረቱ እየደበዘዘ ወደ ምንቃሩ ሥር ከዘለቀ መዳቀልን መጠርጠር ይገባል። ይሁን እንጂ ብርዱ ሊያበቃ ሲል የወጣት ሄሪንግ ጋል ላባ በፀሐይ ብርሃንና በመበላት ስለሚነጣ፣ ያረጀው ላባ ዲቃላ ሊያስመስለው ይችላል። በዚህም ምክንያት ወቅቱን፣ የላባውን የመበላት ደረጃና የተዘረጋውን ክንፍ ፎቶግራፍ ያላካተተ የዲቃላ መዝገብ ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው።