ቫይኪንጎች፣ የኬንዚንግተን ድንጋይና የስደተኛ ታሪክ

ሰሞኑን አሥራ ሰባት ዓመት ከሞላው ልጄ ጋር «ቫይኪንግስ፦ ቫልሃላ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ሦስተኛና የመጨረሻ ምዕራፍ አይተን ጨረስን። ምዕራፉን ኔትፍሊክስ ለእይታ ያበቃው በሐምሌ 2024 ነበር (በዚህ ጽሁፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምንኖረው በሚኒሶታ ነው። እዚህ ቫይኪንግ የፊልም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድናችንም ስሙ ቫይኪንግስ፣ ምልክቱም ቀንድ ነው።

ድራማው ሲያልቅ ልጄ «አባ፣ እኛስ እንደነዚህ ዓይነት መርከበኞች ነበሩን?» ሲል ጠየቀኝ። «ነበሩን እንጂ! ከአዱሊስ የተነሡ መርከቦቻችን ቻይና ድረስ ይሄዱ ነበር» አልኩት። «እንዴት አወቅክ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በመሐንዲስነት ሥራዬ ይህንኑ ጥያቄ ለሌሎች ሳቀርብ የምውል ሰው መሆኔን ሳስብ ደግሞ የባሰ አፈርኩ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከድራማው ልጀምር። ሃራልድ ሲጉርድሰን በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ በቁስጥንጥንያ የቢዛንታይን ነገሥታት ዘበኛ ሆኖ አገልግሏል፤ በኋላም የኖርዌይ ንጉሥ ሆኖ በ1066 እንግሊዝ ውስጥ በጦርነት ሞቷል። ሌፍ ኤሪክሰንም የታሪክ ሰው ነው። ነገር ግን ሌፍ ወደ ምዕራብ የተጓዘው በ1000 ገደማ ሲሆን፣ ሃራልድ የተወለደው ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ድራማው ግን እኩያና የልብ ጓደኛ አድርጓቸዋል። የኛ ቡድን ቀንድም ቢሆን በሰፊው የተለመደው ከ1876ቱ የዋግነር ኦፔራ የመድረክ ልብስ ወዲህ ነው። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ የተገኘው የዘመኑ የራስ ቁር ቀንድ የለውም። እያንዳንዱ ትውልድ የሚያስፈልገውን ቫይኪንግ ለራሱ ይሠራል ማለት ነው።

ይህን ከማንም በላይ ያደረጉት ደግሞ እንደኛው ስደተኞች የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1893 ማግኑስ አንደርሰን የተባለ ኖርዌያዊ ከመቃብር ጉብታ በወጣችው በጥንታዊቷ የጎክስታድ መርከብ አምሳል የተሠራች መርከብ ይዞ አትላንቲክን ተሻገረና ወደ ቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ደረሰ። ኤግዚቢሽኑ ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት የሚያከብር ስለነበር መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ «እኛ ቀድመናል» ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ እዚሁ ሚኒሶታ ኬንዚንግተን አጠገብ፣ ኦሎፍ ኦማን የተባለ ስዊድናዊ ገበሬ ሩን በተባለው የጥንት ሰሜናውያን ፊደል የተጻፈበት ድንጋይ ከዛፍ ሥር አገኘሁ አለ። ጽሑፉ በ1362 ስካንዲኔቪያውያን እዚህ ደርሰው እንደነበረና አሥር ጓዶቻቸው እንደሞቱባቸው ይተርካል። አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ጽሑፉን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ብለው ውድቅ አድርገውታል። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያም ሆኖ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ድንጋዩ ቤተ መዘክር አለው፤ በ1965 የተሠራ ግዙፍ የቫይኪንግ ሐውልትም ጋሻው ላይ ከተማዋን የአሜሪካ የትውልድ ቦታ ብሎ ጽፎ ቆሟል።

ይህን በዓይኔ አይቼ አልሳቅሁም። አገሩን ጥሎ የመጣ፣ ልጆቹ በትምህርት ቤት የሌላ ሰው ታሪክ የሚማሩ ገበሬ «እኛ እዚህ እንግዳ አይደለንም» ለማለት ምን ያህል እንደሚጓጓ ይገባኛል። ለመሆኑ ከመካከላችን ይህን ስሜት የማያውቀው ማነው? የሥራ ባልደረባዬ ስለ አገሬ ረሃብ ብቻ ሲጠይቀኝ በአክሱም ዕድሜ ላይ ጥቂት መቶ ዓመታት የጨመርኩበት ቀን አለ።

እውነተኛው ማስረጃ ግን ሌላ ቦታ ተቀብሮ ነበር። በ1960 ኖርዌያዊው ሄልጌ ኢንግስታድ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ላንስ ኦ ሜዶስ በተባለ መንደር አጠገብ የጥንት ቤቶች ፍርስራሽ አገኘ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ባለቤቱ አኔ ስቲነ ለዓመታት ቆፈረች። የተገኘው ስምንት የሣር አፈር ቤቶች፣ የመርከብ ሚስማሮች፣ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ፣ አንድ የነሐስ የካባ መርፌና አንዲት የእንዝርት ድንጋይ ነው። በ2021 ደግሞ ተመራማሪዎች በቦታው በብረት መሣሪያ የተቆረጡ እንጨቶችን መረመሩ። በ993 ከጠፈር የመጣ ኃይለኛ ጨረር በዛፎች የዕድገት ቀለበት ላይ ምልክት ትቶ ነበርና፣ ከዚያ ቀለበት እስከ ቅርፊቱ 28 ቆጠሩ። ዛፎቹ የተቆረጡት በ1021 ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ልብ በሉ፤ ስካንዲኔቪያውያን ከኮሎምበስ መቅደማቸው እውነት ነበር። ይህን ያረጋገጠላቸው ግን ጥቂት ሚስማርና ጥቂት እንጨት እንጂ የኬንዚንግተን ድንጋይ አይደለም። ድንጋዩ የሠራው ነገር ቢኖር ከእርሱ በኋላ ማስረጃ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ማሳየት ነው። እኛም በእውነተኛው ታሪካችን ላይ የምንጨምራት እያንዳንዷ ግነት የምትጎዳው ጠላታችንን ሳይሆን እውነተኛውን ታሪክ ራሱን ነው። የሰማን ሰው አንዷን ሐሰት ሲደርስባት የቀረውንም አብሮ ይጥለዋል።

ከሳምንት በኋላ ልጄን አስቀምጬ መልሱን ሰጠሁት። አፄ ካሌብ በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሂምያርን ለመውጋት ሲዘጋጁ ኮስማስ የተባለ የግብፅ እስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር፤ ያየውንም ጽፏል። የመን ውስጥ ማሪብ በተባለ ቦታም ስለዚሁ ዘመቻ የተጻፈ የግዕዝ ጽሑፍ ስብርባሪ ተገኝቷል። «የቻይናውን ግን የማረጋግጥበት ማስረጃ የለኝም» አልኩት።

ልጄ ጥቂት ዝም ብሎ «የማሪቡ ጽሑፍ ፎቶ ይገኛል?» አለኝ። አብረን ፍለጋ ገባን።

ቸር እንሰንብት።