ያለ አዛዥ የተመራ ሥራ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬዴሪክ ቴይለር በ1903 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ሥራን ማቀድ የመሪው፣ መፈጸም ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ መሆኑን አስተማረ። ይህ አስተሳሰብ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ መንገድ ሥራውም ወደ ግድቡም ገብቷል፤ መሐንዲሶችም ሳይመረምሩት ከሙያቸው ጋር የወረሱት ነገር ሆኗል። ከጂንካ ወዲያ፣ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖረው የሙርሲ ሕዝብ የአመራር ታሪክ ግን ለዚሁ አስተሳሰብ ጥሩ መፈተኛ ነው።

በሙርሲ ዘንድ ሌላውን ሰው የማዘዝ ሥልጣን ያለው አለቃ የለም። ኮሞሩ የሚባለው የሃይማኖት አባት ስለ ዝናብና ስለ ከብት ደኅንነት ይለምናል፤ እጅግም ይከበራል፤ ይሁን እንጂ ትእዛዝ አይሰጥም። ከባድ ጉዳይ ሲነሣ ወንዶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ተናጋሪው ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይናገራል፤ ሌሎቹ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ድምፅ አይቆጠርም። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይህን ሕዝብ ያጠናው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዴቪድ ተርተን እንደገለጸው፣ ጃላባ የሚባሉት ተደማጭ ሰዎች ኃይላቸው ያለው በሹመት ላይ አይደለም፤ የሸንጎው አሳብ ወዴት እንዳዘነበለ አዳምጦ በማወቅና ሁሉም ሊቀበለው የተዘጋጀውን ውሳኔ በቃል በማውጣት ላይ ነው እንጂ። አዝማሚያውን የሳተ ተናጋሪ የሚከተለው አያገኝም፤ የሚያስገድድበትም መሣሪያ የለውም። የጠዋት መመሪያውን ቆሞ ሰጥቶ ለሚሄድ የሥራ ኃላፊ እንዲህ ያለው ጉባኤ ጊዜ ማባከን ሊመስለው ይችላል።

ከብርቱ ድርቅና ረኃብ በኋላ፣ በ1971 እና በ1972 ዓ.ም. ገደማ፣ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሙርሲዎች ዝናብ ወደሚሻልበት፣ ለአሪ ደጋ ገበያዎችም ወደሚቀርበው ወደ ላይኛው የማጎ ሸለቆ ፈለሱ። መኪና አልቀረበላቸውም፤ ስማቸውን የመዘገበ መሥሪያ ቤትም አልነበረም። አካባቢው የቆላ ዝንብ ያለበት በመሆኑ ለከብት አይስማማም፤ ስለዚህ ክብሩንም ጋብቻውንም በከብት የሚለካ ሕዝብ በእርሻ ላይ ይበልጥ ሊደገፍ ነበር። ይህን ያህል ዋጋ የሚያስከፍል ጉዞ በትእዛዝ ብቻ ይፈጸም ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ያኔ መኪናም አውሮፕላንም ነበር፤ ለየወረዳው የተመደበ ኮታም ነበር። ብዙዎች በበሽታ አለቁ፤ ብዙዎችም ጥለው ተመለሱ። በእርግጥ መቶዎችን ከመቶ ሺዎች ጋር ማወዳደር በመጠን ረገድ ፍትሐዊ አይደለም። ሆኖም የኮታው ፈጻሚ ተጠያቂነቱ ለበላዩ ነበር፤ የማጎው ተናጋሪ ግን ተጠያቂነቱ አብረውት ለሚጓዙት ነበር።

ጥር 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በታችኛው ኦሞ ሰፊ የስኳር ልማት እንደሚጀመር አስታወቁ። በዕቅድ የተያዘው 175 ሺህ ሄክታር በኋላ ወደ 100 ሺህ ዝቅ ብሏል። ከወንዙ በላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በምሕንድስና ረገድ ታላቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ውሳኔው ግን ለኦሞ ዳርቻ ነዋሪዎች የደረሳቸው ካለቀ በኋላ ነበር፤ ምክክር ይባል የነበረውም በአብዛኛው ገለጻ ነበር። ሙርሲዎችና ጎረቤቶቻቸው ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ይዘሩ ነበር፤ ግድቡ ያንን ሙላት አስቀረው። የግድቡ ጥናት ይህን ስላልዘነጋ በየዓመቱ ለ10 ቀናት ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ አስቦ ነበር። ውኃው በየትኛው ዳርቻ ስንት ቀን ቢተኛ ማሽላው እንደሚይዝ የሚያውቁት ግን ዘሪዎቹ ነበሩ።