ማርሽ መቀየርን ሰው መውደድ የጀመረው መቼ ነው? ስለ ካምቢዮ ታሪክ የቀረበ ንግግር



በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በአምስት ሺህና በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ምሩጽ ይፍጠር በአማርኛ «ማርሽ ቀያሪው» በሚል ቅጽል ይታወቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) ቅጽሉ ውዳሴ ነው። ማርሽ የሚቀይር ሯጭ ሌሎቹ የሌላቸውን ጉልበት ደብቆ ይዞ በፈለገው ቅጽበት የሚፈተለክ ነው። ይህ ምሳሌ ግን ከዚያ ሰባ ዓመት ቀደም ብሎ ቢነገር ትርጉም አይሰጥም ነበር። በ1910 መኪና የሚነዳ ሰው ማርሽ መቀየር ሲባል የሚመጣበት የብረት ጩኸት፣ መንገጫገጭና የጉልበት መቋረጥ ነው። ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት መኪናው ይዘገያል እንጂ አይፈተለክም።

የዛሬው ክርክሬ ከዚህ ይነሣል። «የድሮ ሾፌር ማርሹን ይወድ ነበር፤ አውቶማቲክ መጥቶ አሰነፈን» የሚል አባባል በብዙ አገር ይሰማል። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። አሽከርካሪዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የፈለጉት ማርሽ አለመቀየርን ነበር። በእጅ መቀየርን እንደ ደስታ መቁጠር የመጣው ሥራው ከቀለለና አማራጭ ከተገኘለት በኋላ ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከቤንዚን ሞተር ጠባይ ነው። የእንፋሎት ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ተነሥቶ ጉልበቱን ይሰጣል። የቤንዚን ሞተር ግን ዝግ ብሎ ሲዞር አቅም የለውም፤ ስለዚህ በእርሱና በጎማው መካከል ፍጥነትን ወደ ጉልበት የሚመነዝር ነገር ማስገባት ግድ ሆነ። በ1891 የፈረንሳዩ ፓናር ኤ ሌቫሶር ኩባንያ ሞተሩን ከፊት፣ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን፣ ቀጥሎ ተንሸራታች ጥርሶች ያሉትን ካምቢዮ፣ የሚነዳውን ጎማ ከኋላ አድርጎ የሠራው አሰላለፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመኪና ሁሉ መሠረት ሆኖ ቆየ። የዚህ ካምቢዮ አሠራር ሲታሰብ ያስደነግጣል፤ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ጥርሳም መዘውሮች ጎን ለጎን እየተንሸራተቱ በጉልበት እንዲነካከሱ ይደረጋል። ፍጥነታቸው ካልተመጣጠነ ይፋጫሉ፤ ሲብስም ጥርሳቸው ይረግፋል።

ማመጣጠኑ የሾፌሩ ፈንታ ነበር። ወደ ከባድ ማርሽ ሲወርድ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ማርሹን ወደ ዜሮ ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ያስጮኻል፣ እንደገና ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ከዚያ ማርሹን ያስገባል። ይህ ሁሉ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ፣ በጆሮ እየተለካ ነው። በዚያ ዘመን ማርሽ በልስላሴ የመቀየር ችሎታ ተሳፋሪውን ከመንገጫገጭ ከማዳኑ በፊት ማሽኑን ከመሰበር ያድን ነበር።

ሉዊ ረኖ በ1898 የገና ዋዜማ በፓሪስ የሞንማርትርን ዳገት ሩ ለፒክን የወጣባት ትንሽ መኪና ዝናዋን ያገኘችው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ብልሃት ነው። ሞተሩ በላይኛው ማርሽ ኃይሉን በቀጥታ ዘንግ ወደ ኋላ ያስተላልፋል፤ በመካከል የሚፋጭ ጥርስ የለም። ሾፌሩ አንድ ጊዜ እዚያ ከደረሰ ጸጥታ ያገኛል፤ ጸጥታውን ያገኘ ሰው ደግሞ መልቀቅ አይፈልግም።

ይህ አለመፈለግ በግልጽ የታየው በአሜሪካ ነው። ከ1908 እስከ 1927 ከአሥራ አምስት ሚሊዮን በላይ የተሠራችው የፎርድ ሞዴል ቲ ዛሬ እንደምናውቀው ዓይነት የማርሽ ዘንግ አልነበራትም። ወደ ፊት ሁለት ፍጥነት ብቻ ሲኖራት የግራው ፔዳል ሲረገጥ ከባዱ፣ ሲለቀቅ ቀላሉ ማርሽ ይገባ ነበር። ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ስለሚኖሩ የሚፋጭ ነገር አልነበረም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አያሌ አሜሪካዊ መንዳት የተማረው ጥርስ ማናከስ ሳይማር ነው። ከሞዴል ቲ ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው መኪኖች አምራቾችም መኪናቸው ከላይኛው ማርሽ ሳይወርድ ዳገት እንደሚወጣ እያሳዩ ይፎካከሩ ነበር። የሚሸጠው ትልቁ ሞተር ቢሆንም ገዢው የሚገዛው ማርሽ ያለመንካት መብትን ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ገበያ ላይ ከመዋሉ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ፍላጎቱ እንዲህ ተዘርግቶ ይጠብቀው ነበር።

በ1928 ካዲላክ ሲንክሮናይዘር ያለው ካምቢዮ አወጣ። ፈልሳፊው ኧርል ቶምፕሰን ይባላል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ማርሹ ከመግባቱ በፊት በሰበቃ የሚሠራ ትንሽ ሾጣጣ አካል የሁለቱን ክፍሎች ፍጥነት ያስተካክላል። የሾፌሩ ጆሮና እግር ይሠሩት የነበረውን ይህ ብረት ተረከበ። በመጀመሪያ የተገጠመው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ማርሽ ብቻ ነበር። ቶምፕሰን ግን እዚያ አልቆመም፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1939 ይፋ አድርጎ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ የገጠመውን ሃይድራማቲክ ካምቢዮ ያዘጋጀውን ቡድን የመራው እርሱ ነው። ማርሽ መቀየርን ያቀለለውም፣ ያስቀረውም ሥራ የአንድ ሰው እጅ አለበት። ይህን ያነሣሁት ስለ ሰውየው ብልህነት አይደለም፤ ሁለቱ ግኝቶች ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው። ሃይድራማቲክ በጦርነቱ ጊዜ በካዲላክ ሞተር የሚሄዱ ቀላል ታንኮችን አንቀሳቅሶ ተፈተነ፤ ከ1952 ጀምሮ ደግሞ ሮልስ ሮይስ ራሱ ተቀበለው።

አሁን ጉዳዩ የሚወሳሰብበት ቦታ ደረስን። ሃይድራማቲክ አራቱን ማርሾች ሲቀያይር ተሳፋሪው በወገቡ ይሰማው ነበር። ቢዊክ በ1948 ሞዴል ያቀረበው ዳይናፍሎው ይህንንም አስቀረ፤ በዘይት የሚሠራ ቶርክ ኮንቨርተሩ ያለ አንዳች የማርሽ ለውጥ መኪናውን ከመቆም እስከ ሙሉ ፍጥነት ያደርሳል። ፍጹም ልስላሴ ማለት ይህ ነው። ሆኖም ሞተሩ ቀድሞ ይጮኻል፣ መኪናው ዘግይቶ ይከተላል፤ ነዳጁም ይበላል። ብዙዎች ወደዱት፤ ሌሎች ግን በዝግታው አሾፉበት። በ1950ዎቹ የአጭር ርቀት እሽቅድምድም ያፈቀሩ ወጣቶች አሻሽለው የገጠሙት ዳይናፍሎውን አልነበረም፤ የሚገፋውን ሃይድራማቲክ ነበር። ልስላሴ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ የጎደለ ነገር እንዳለ መጀመሪያ የታወቀው፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነኝ ኮርቬት ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1953 ይህን የስፖርት መኪና ሲያወጣ የገጠመለት ባለ ሁለት ፍጥነት አውቶማቲክ ብቻ ነበር። በእጅ የሚቀየረው ባለ ሦስት ማርሽ በ1955፣ ባለ አራቱ በ1957 መጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በዚያ መኪና ላይ በእጅ መቀየር ከአውቶማቲክ በኋላ የመጣ ቅንጦት ነው። ማንም ያለ ችግር መንዳት በቻለበት ጊዜ ችሎታውን ማሳየት የፈለገ ሰው ችግሩን መርጦ መግዛት ነበረበት፤ ችግሩም በሲንክሮናይዘር ተገርቶ አስደሳች ሆኖ ነበር።

«አውሮፓውያንስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አውሮፓዊው በባሕርዩ እውነተኛ ሾፌር ስለሆነ በእጅ ማርሽ ጸና የሚለውን አልቀበልም። በብዙዎቹ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች የመኪና ግብር ከሞተር መጠን ጋር የተያያዘ፣ ነዳጁም ውድ ነበር። በ1957 የወጣችው አዲሲቱ ፊያት 500 ሞተሯ 479 ሲሲ፣ ጉልበቷ 13 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ከዚያ ላይ ለዘይት መዘውር የሚከፈል ትርፍ የለም። ካምቢዮዋ ሲንክሮናይዘር እንኳ አልነበረውም። አቅሙ በተገኘበት ቦታ ሁሉ አውሮፓዊውም ከፍሪሲዮን ለመገላገል ሲጥር እናያለን፤ በ1955 ሲትሮኤን ዲኤስ የፍሪሲዮን ፔዳሉን አስወገደ፤ በ1958 የኔዘርላንዱ ዳፍ በቀበቶ የሚሠራ ማርሽ አልባ ትንሽ መኪና ለተራው ሰው አቀረበ። እንግሊዛዊው ዋልተር ዊልሰንም፣ ከመጀመሪያዎቹ ታንክ ሠሪዎች አንዱ፣ ማርሹን አስቀድሞ መርጦ በኋላ በፔዳል የሚያስገባ ካምቢዮ ፈልስፎ የለንደን አውቶቡስ ነጂዎችን ሸክም አቅልሏል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ የቃላቱ ታሪክ ብቻውን ምስክር ነው። ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ማርሽ የመጣበት የጣሊያንኛ ቃል የሰልፍ ጉዞንም የመኪና ፍጥነትንም ይጠራል። ቃላቱን ያስፋፉት የጭነት መኪኖችና እነርሱን የጠገኑ ጋራዦች ናቸው፤ «ትሬንታ ኳትሮ» እና «ኤንትሬ» የሚሉት ስሞች ከፊያት የጭነት መኪና መለያዎች ወጥተው የአማርኛ ስም ሆነዋል።

የራሴን ክርክር የሚፈትነውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የከባድ መኪና ሾፌር በማርሹ ይኮራ እንደነበር መካድ አይቻልም። ሲንክሮናይዘር ወደ ከባድ መኪና የገባው ዘግይቶ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል የሚወርድ፣ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ የሚጠማዘዝ ጭነት የያዘ መኪና በፍሬን ብቻ አይያዝም፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይከዳል። የሚይዘው በከባድ ማርሽ የታሰረ ሞተር ነው። ቁልቁለቱ መካከል ማርሽ ለማውረድ ሞክሮ ያቃተው ሰው መኪናው በዜሮ ማርሽ ይቀራል፤ በየሴኮንዱ ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ማርሹን መልሶ የማስገባቱ ዕድል ይጠብባል። ስለዚህ ጥበቡ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መምረጥ ነው። ረዳቱ ከጎን ተቀምጦ ዓመታት የሚማረው ሞተሩን መስማት ነበር። ይህ ኩራት እውነተኛ ነው፤ ግን የሕይወት ዋስትና የሆነ ሙያ ኩራት እንጂ የምርጫ ደስታ አይደለም። ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ስም መጥራታችን ነው ታሪኩን ያደበዘዘው። የሰሜን አሜሪካ የረጅም ርቀት ጭነት ነጂዎችም ሲንክሮናይዘር በሌለው ካምቢዮ ላይ ተመሳሳይ ክብር ሠርተዋል።

የከተማው ሰው ግን ሌላ ነበር። አዲስ አበባ በታክሲነት የምታውቃት «ሰይቼንቶ»፣ ማለትም ፊያት 600፣ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ ሲንክሮናይዘር ነበራት፤ የአንደኛው ግን ስላልነበረው መኪናዋ ሳትቆም ለማስገባት የቸኮለ ሁሉ ያስጮኸው ነበር። ቮልስዋገን በበኩሉ በ1961 ሞዴል የአንደኛውንም ማርሽ ጩኸት አስቀረ።

በ2003 ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ በቮልስዋገን ጎልፍ አር 32 ላይ ሲወጣ ማሽኑ ከማንኛውም ሰው እጅ ፈጥኖ መቀየር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በእጅ መቀየርን በፍጥነት ምክንያት መከላከል አይቻልም። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል ለብዙ አዲስ ገዢ የማርሽ ጥያቄ ራሱ ተሰረዘ፤ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ማርሽ ብቻ አላቸውና። ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2023፣ ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና አውጥቶ ነበር። ይህ መኪና የሚቀየር ማርሽ የለውም። ነጂው ከፈለገ ግን ኮምፒዩተሩ ስምንት ማርሽ ያለው አስመስሎ፣ በየመቀየሪያው ጉልበቱን ለቅጽበት ቆርጦ፣ የሞተር ድምፅ በድምፅ ማጉያ አሰምቶ፣ መንገጫገጩን ይሰጠዋል።